ከማማው ላይ ሆነው «ስንት ነው?» ሲሉኝ

ሥራዬ አሰላ ቢሮ ቁጭ ብሎ ቁጥር ማየት ነው። ኔትወርክ ወደ ጢቾ ከተማ የሚያሻግረው ሞገድ ምን ያህል እንደደከመ ስክሪኑ ይነግረኛል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሞገዱ ይበረታል፤ አርባ ከሆነ ሰላም ነው፣ ሰባን ካለፈ ይቋረጣል። አንቴናውን የሚያስተካክሉት በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። እሳቸው ጢቾ ማማው ላይ ወጥተው በመፍቻ ትንሽ ትንሽ ያዞሩታል፣ እኔ በስልክ ቁጥሩን እነግራቸዋለሁ። ስለማያዩት በየመሃሉ «ወላሂ በዪ» ይሉኛል። እኔም እላለሁ።

ባለፈው ክረምት ነፋስ አንቴናውን አዞረውና ጋሼ ከሰዓት በኋላ ወጡ። «ስልሳ ሦስት» እያልኳቸው በስልኩ ውስጥ ነጎድጓድ ሰማሁ።

«ኧረ ጋሼ ይውረዱ! መብረቅ ነው እኮ!»

«እሱ የጮሌ ወረዳ መብረቅ ነው፣ የእኛ አይደለም» ብለው ሳቁ። «አርባ ሳይደርስ አልወርድም።»

ግትር ናቸው፣ ምን ይደረጋል! ወዲያው ቁጥሩ ዘለለ፤ ሰባ አንድ። ዝናብ መሃል ገብቷል ማለት ነው። ስልኩም የሚሄደው በዚያው ሞገድ ነውና ጭጭ አለ። ያ ረቢ! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። መብረቅ መታቸው ይሆን? ወድቀው ይሆን? የምጠይቀው ሰው የለም። ፋቲሃ ጀመርኩ፣ መሃሉ ጠፋብኝ።

ከዚያ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ስልሳ ስምንት፣ ስልሳ አምስት፣ ስልሳ። የሰው እጅ እያዞረው እንደሆነ ገባኝ። ሰውዬው በዚያ ዝናብ አሁንም መፍቻ ይዘዋል! ስልኩ ጮኸ።

«ስንት ነው?»

ሃምሳ ስምንት ነበር።

«አርባ! አለቀ፣ ይውረዱ!»

«ወላሂ በዪ።»

«ወላሂ!»

ወረዱ። ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ። ደስታዬ ግን ሦስት ቀን አልቆየም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጢቾ እየጠፋች አቤቱታው ጎረፈ፤ ጋሼም ቢሮ መጥተው ስክሪኑ ላይ አርባ እንዳልሆነ በዓይናቸው አዩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ ያን ቀን ጨርሼ እገላገል ነበር» አሉኝ። «አሁን እንደገና ልወጣ ነው።»

በማግስቱ ወጡ። በመስኮት ሳይ የጭላሎን ተራራ ደመና ውጦታል። ስልኩ ጮኸ።

«ስንት ነው?»

ብዋሽ ለሦስተኛ ጊዜ ይወጣሉ።

«ሃምሳ ሁለት» አልኳቸው። «ገና ነው፣ ጋሼ።»