የልቅሶው አስታጣቢ

የአጸደ ባል ከእንጨት ሥራ ቤቱ ጋር ተቃጥሎ የሞተ ጊዜ፣ ጉለሌ በተተከለው የዕድር ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛውን ሁሉ እጅ ሲያስታጥብ የሰነበተውን ሰው የሚያውቀው አልነበረም። የእሷ ዘመዶች የሟቹ ወገን መሰላቸው፤ የሟቹ ወገኖች ደግሞ የእሷ። ቅንድብ የሌለው ረጅም ሰው ነው። በዚያ ሙቀት ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎታል። የቀኝ እጁ ጣቶች ቆዳቸው ተኮማትሮ ስለማይዘረጉ ማንቆርቆሪያውን በግራው ይይዛል። ዳቦ ሲሰጡት ግማሹን በመሐረብ ቋጥሮ፣ «ልጆቼ ስገባ ኪሴን ነው የሚያዩት» ይላል፤ ሰዓት እላፊ ሳይደርስም ይሄዳል።

አጸደ ለመጣው ሁሉ ያንኑ ትደጋግም ነበር። «እሳት አደጋዎቹ እንደሆኑ ባዶ መኪና ይዘው መጥተው፣ ሲቃጠል ቆመው አዩት። አንጀት የላቸውም።» ይህን ስትል ሰውየው እዚያው አጠገቧ ውሃ ያፈስ ነበር።

በሠልስቱ ድንኳኑ ሲፈታ አስጠራችው።

«ላመሰግንዎት ብዬ ነው። የማን ወገን ነዎት?»

ሰውየው ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀምጦ የካፖርቱን ቁልፍ ፈታ። ከውስጥ የእሳት አደጋ የደንብ ልብስ ለብሷል።

«የማንም አይደለሁም፣ እህቴ። ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ በዚሁ ሥራ ነኝ። ያን ዕለት የውሃ ጎማውን ይዤ ውሃው ያለቀብኝ እኔ ነኝ።»

አጸደ ስትናገር የሰነበተችው ሁሉ ፊቷ ድቅን አለባት። ማንቆርቆሪያውን አንስታ አዘነበለችለት።

«እስቲ እርስዎም ይታጠቡ።»

«የእኔ ይቆይ» አለና የተኮማተረ እጁን ኪሱ ከተተ።