ሕመሜን ለማሽን ላሳይ ብዬ

ይህ የሆነው ባለፈው በጋ ወልቂጤ ላይ ነው። ባሰብኩት ቁጥር መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እንባዬ። ሁለቱ ተከታትለው ስለሚመጡብኝ ነው ልጽፈው የወደድኩት።

የምኖረው ቡታጅራ ነው። እናቴ ገበያ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች፤ እኔም አግዛታለሁ። ወገቤንና ዳሌዬን ማመም የጀመረኝ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። ጠዋት ስነሳ ሰውነቴ ሌሊቱን ውጭ ያደረ ቆዳ ይመስል ድርቅ ይላል። እስኪፍታታ ድረስ ግድግዳ ይዤ ነው የምራመደው። ረፋድ ላይ ይለቀኛል፤ ከሰዓት በኋላ ገበያውን ስዞር ያየኝ ሰው ጤነኛ ነኝ ብሎ ይምላል። ችግሬም ይኸው ነበር። ሰው የሚያየኝ ከሰዓት በኋላ ነው። እብጠት የለኝም፣ ቁስል የለኝም፣ አላነክስም።

በዚያ ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ በስልኬ እየጻፍኩ ቴሌግራም ላይ ለጓደኞቼ እለጥፋለሁ። ይህ ነገሬን አባሰው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በጋ ሲመጣ የኛ ቤተሰብ ሴቶች ገጠር ወርደው በጋራ እንሰት ይፍቃሉ። የፋቀ ሰው ያውቀዋል። መሬት ላይ ቁጭ ተብሎ፣ አንድ እግር ወደ ላይ ተነስቶ፣ እንሰቱ ካዘመመ ጣውላ ጋር በተረከዝ ተረግጦ ተይዞ ነው በቀርከሃ ወደ ታች የሚፋቀው። ለኔ ዳሌ ከዚያ የባሰ አቀማመጥ አልተፈጠረም። ሞክሬያለሁ፤ በሰው ተደግፌ ነው የተነሳሁት። ከዚያ በኋላ አልሄድም አልኩ።

የእናቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ዘይነባ፣ ሴቶቹ በተሰበሰቡበት እንዲህ አለች፦ «ይቺ ልጅ ዳሌዋን የሚያማት እንሰቱ ሲደርስ ነው። ግጥም ስትጽፍ ወላሂ አንድም ቀን አሟት አያውቅም!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። አክስቴ ክፉ ሰው አይደለችም፤ አፏ ግን ከሷ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ቀልዷ ደግሞ ቶሎ አያልቅም። ከወንበር ስነሳ ቀስ ካልኩ፣ «ምነው፣ እንሰት አየሽ እንዴ?» ትለኛለች።

ራጅ ተነስቼ ምንም አልታየም። በኋላ ቡታጅራ የሚያየኝ ሐኪም ወልቂጤ ሄጄ ኤምአርአይ እንድነሳ ጻፈልኝ። «በራጅ ያልታየ ነገር በዚህኛው ሊታይ ይችላል፤ ሕክምናሽን የምወስነው ከዚያ በኋላ ነው» አለኝ። እሱ ስለ ሕክምናው ነበር የሚያወራው። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። ማሽኑ «አዎ፣ አለባት» ካለ አክስቴ ምን ትላለች?

ዝግጅቱን በደንብ ነው የያዝኩት። ብረት ነክ ነገር እንደማይገባ ስለተነገረኝ ስፒል የማይፈልግ፣ በራስ ላይ ብቻ የሚጠለቅ ሂጃብ አዘጋጀሁ። ዚፕም ቁልፍም የሌለው ቀሚስ መረጥኩ። ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ያስፈልጋል ስላሉኝ ምንጣፍ ላይ በጀርባዬ እየተኛሁ ተለማመድኩ። እኔ ቆሜ እንኳ አንድ ቦታ የማልረጋ ሰው ነኝ፤ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነበር።

አንድ ነገር ግን ከራሴ ጨመርኩ። ለማንም ሳልነግር፣ ሐኪሙ ያዘዘልኝን የሕመም ማስታገሻ ከጉዞው ቀደም ብዬ አቆምኩ። ክኒኑ ሕመሙን ካስተኛው ማሽኑም ሳያየው ያልፋል ብዬ ነው። ሲያነሳኝ ሕመሙ ነቅቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ እንዲያገኘው ፈለግኩ።

እናቴ ሱቋን ዘግታ መሄድ ስላልቻለች አብራኝ የምትሄድ ሰው ተፈለገ። ወልቂጤ ዘመድ ያላት አክስቴ ዘይነባ ናት። ተመረጠች።

በቀጠሮው ዋዜማ በአረቅጥ ከተማ በኩል በሚኒባስ ሄድን። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ። አክስቴ ከሾፌሩ ጋር ስትጨቃጨቅ ቆይታ ወደኔ ዞረች።

«ምነው ዝም አልሽ? ግጥም መጣ?»

«አዎ» አልኳት። ሌላ ጉድጓድ እየመጣ ነበር።

ያን ሌሊት ዘመዳችን ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ተኛን። ጠዋት ስነሳ አክስቴ ሱብሒ ሰግዳ ምንጣፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። መጀመሪያ በጎኔ ዞርኩ። ከዚያ እግሮቼን አንድ በአንድ አወረድኩ። ከዚያ አልጋውን ይዤ ጎንበስ እንዳልኩ ቆየሁ። ጫማዬ ጋ ለመድረስ ሞክሬ አልቻልኩም። አክስቴ ስታየኝ ቆየችና ተነስታ ጫማዬን አጠለቀችልኝ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ?»

«ጠዋት ጠዋት።»

«የመኪናው ነው» አለች። ግን ሌላ ጊዜ የምታስከትለውን ቀልድ አላስከተለችም።

ምርመራው ቦታ ስንደርስ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ከአክስቴ ጎን ነጠላ የለበሱ፣ በዕድሜ እሷን የሚያክሉ ሴት ተቀምጠዋል። ከአረቅጥ ነው የመጡት፤ ጉልበታቸውን አሟቸው ነው። ሁለቱ ወዲያው የቆየ ጎረቤት ሆኑ። ስለ ገበያ፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ቅቤ ዋጋ አወሩ። ሴትዮዋ ወደኔ አዩና፣ «አንቺስ ልጄ፣ ማንን ይዘሽ መጥተሽ ነው?» አሉኝ። ታማሚዋ አክስቴ መስላቸው ነው።

ስሜ ተጠራና ገባሁ። ባለሙያው ወጣት ነው፤ ትሁት። ጆሮዬን ደፈነልኝ፣ አስተኛኝ፣ «ዋናው ነገር አለመንቀሳቀስ ነው» አለኝ። አልጋው ወደ ጠባቡ ዋሻ ይዞኝ ገባ። ከዚያ ድብደባው ተጀመረ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ የሚዘንብ ይመስላል። ድምፁን እንኳ ቻልኩት። ያልቻልኩት ዳሌዬን ነው። በጀርባ ቀጥ ብሎ መተኛት በክኒንም ይከብደኛል፤ ያን ቀን እግሬ ሳላዘው ይዘላል። ባለሙያው አቆመ። ገብቶ አስተካከለኝ፤ እንደገና ጀመረ። እንደገና ዘለለ። በመጨረሻ አወጣኝና ደግፎ ወደ አክስቴ ወሰደኝ።

«ምስሉ ሁሉ ደብዝዟል። እንዲህ ሆኖ ለሐኪሟ አይጠቅምም» አላት። ወደኔ ዞረ። «ማስታገሻ አልታዘዘልሽም እንዴ?»

«ታዝዞልኛል። አቁሜው ነው።»

«ማን አቁሚ አለሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን?»

የምዋሸው ነገር ፈልጌ አጣሁ። «ሕመሙ እንዲታይ ብዬ ነው» አልኩ። «ክኒኑ ከደበቀው፣ ድሮም ምንም የለባትም እንዳይሉኝ።»

ባለሙያው ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር። ፊቴን አይቶ ተወው።

«እህቴ፣ ማሽኑ የሚያነሳው መገጣጠሚያሽንና አጥንትሽን ነው። ውስጥሽ ያለው ነገር አንድ ክኒን ዋጥሽ ብሎ አይሸሽም። ይልቅ ክኒኑን ውጠሽ ዝም ብለሽ ብትተኚ ነበር የሚታይልሽ።» ክኒኑ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ስነግረው ሐኪም ጠይቆ ተመለሰና ምግብ ቀምሼ እንድወስድ ነገረኝ። «የዛሬው ተራ ግን ሞልቷል። ሌላ ቀጠሮ መያዝ ሊኖርብሽ ነው።»

የሚቀጥለው ቀጠሮ ሩቅ ነበር። ያን መንገድ፣ ያን ጉድጓድ፣ ያን ወጪ አሰብኩት። ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት አሰብኩ።

የአረቅጧ ሴትዮ፣ «ምንም የለባትም የሚሉሽ እነማን ናቸው?» አሉኝ።

ዓይኔ ወደ አክስቴ ሄደ። አክስቴ የቦርሳዋን ማንጠልጠያ በጣቷ እየጠቀለለች ትፈታለች።

«እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋን እንዲህ ዝቅ አድርጋ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። «የማልላት የለም። እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ ሴትዮዋ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱና ባለሙያውን ጠሩት።

«የመጨረሻዋ ተራ የኔ አይደለች? ለሷ አድርግላት። የኔ ጉልበት የትም አይሄድ፤ መሄድ ቢችልማ እዚህም ባልመጣሁ።»

«እርስዎ እኮ ከሩቅ ነው የመጡት፣ እናቴ።»

«እዚሁ ቅርብ፣ ጉብርዬ እህት አለችኝ። ካየኋት ቆይቻለሁ፤ ዛሬ እሷ ጋ አድራለሁ።»

ባለሙያው አሰበና በማግስቱ ከሥራ ሰዓት በፊት መጥቶ ከሁሉም አስቀድሞ እንደሚያስገባቸው ቃል ገባላቸው። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ወገቤ አልታዘዝ አለኝ። «ተይ ተይ» አሉኝ፣ «ሰላምታውን ስትድኚ።»

አክስቴ ዳቦና ሙዝ ገዝታ መጣች። በልቼ ክኒኑን ዋጥኩ። ተራው እስኪደርስ ሕመሙ እየላላ መጣ፤ ፍርሃቱ ግን አልላላም። ደግሞ እግሬ ቢዘልስ?

አክስቴ ባለሙያውን፣ «አብሬያት ብገባስ?» አለችው።

«ብረት ነገር ከሌለብዎት ይችላሉ።»

ጉትቻዋን አወለቀች። ቀለበቷን፣ የፀጉር ሽቦዋን፣ የሻርፗን መርፌ ቁልፍ አወለቀች። የብሩ አምባር ላይ ስትደርስ ቆመች። ከሠርጓ ጀምሮ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም፤ እጇ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ወፍሯል። «ይሄ እንኳን አይወልቅም» አለች።

«እንግዲያው አይገቡም።»

ውጭ ያለው ቧንቧ ጋ ሄደች። እጇን በሳሙና አረፋ ሞልታ ትስባለች። የአረቅጧ ሴትዮ እያነከሱ ሄደው በሌላው በኩል ያዙላት።

«ተንፍሺ! በደንብ ተንፍሺ!»

«ምን ነካሽ፣ እየወለድኩ ነው እንዴ?»

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። አምባሩ ሲወጣ የእጇን ቆዳ ላጥ አድርጎት ነበር። አክስቴ ጌጧን ሁሉ ለሴትዮዋ አስያዘችና አፏን በእጇ ከልላ ወደ ባለሙያው ዞረች። «ጥርሴስ? የወርቅ ነው።» እሱ ችግር እንደሌለው ሲነግራት፣ «አልሐምዱሊላህ፣ እሱንም በሳሙና ልትሉኝ ነው ብዬ» አለች።

ሁለተኛ ስገባ ባለሙያው ከጉልበቴ ስር ትራስ አደረገልኝ። አክስቴ እግሬ ጋ ቆመች። እንሰት ሲፋቅ የእግሯ ጡንቻ የታሰረባትን ሴት፣ አጠገቧ ያለችው መዳፏን ውስጥ እግሯ ላይ አሳርፋ ትይዝላታለች። አትጫንም፣ አታሽም፤ እስኪለቃት ድረስ እንዲሁ መያዝ ብቻ ነው። አክስቴም እንዲያ ያዘችኝ። «አብሽሪ» አለችኝ።

ድንጋዩ መዝነብ ጀመረ። ፊቷን ማየት አልችልም። በልቤ የራሴን ግጥም ልበል ብዬ ሞከርኩ፤ አንድ መስመር አልመጣልኝም። የማውቀው መዳፏን ብቻ ነበር፤ ሻካራ፣ ሙቅ፣ ገና የሳሙናው እርጥበት ያለበት። እግሬ ሊዘል ሲል ይሰማኛል። ከዚያ ይተወዋል። እንደገና ይመጣል፣ ይተወዋል።

«በቃ፣ ጥሩ ነው» የሚል ድምፅ መጣ።

ስንወጣ አክስቴ ጆሮዋ ውስጥ የነበረውን መድፈኛ እያወጣች፣ «ይሄን ጩኸት ብቻሽን ልትሰሚው ነበር?» አለችኝ። ከዚያ ጌጧን ልትቀበል ወደ ሴትዮዋ ሄደች።

ቡታጅራ ያለው ሐኪም ምስሉን አይቶ፣ አከርካሪዬ ከዳሌዬ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ብግነት እንዳለ ነገረን። ቶሎ የሚድን አይደለም፤ ግን ስም አለው፣ መድኃኒትም አለው። አክስቴ አብራኝ ነበረች።

«ዶክተር፣ እንሰት መፋቅ ትችላለች?»

«ለጊዜው አትችልም።»

«ሰማሽ?» አለችኝ ተቆጥታ፣ እኔ ካልፋቅኩ ብዬ ያስቸገርኳት ይመስል።

ሐኪሙ እንቅስቃሴ እንዳበዛ ስለነገረኝ አሁን አክስቴ ማታ ማታ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ካገኘችኝ፣ «ተነሺ፣ ዞር ዞር በይ» እያለች መከራዬን ታበላኛለች። ከአረቅጧ ሴትዮ ጋር ስልክ ተለዋውጠው ስለነበር ይደዋወላሉ። የጉልበታቸው ሕክምና ተጀምሯል።

ዘንድሮ እንሰት ሲፋቅ እኔ አልነበርኩም። የሆነውን እናቴ ናት የነገረችኝ። አንዷ ሴት፣ «ባለ ግጥሟስ? ዛሬም አመማት?» ብላ ስትስቅ አክስቴ መፋቂያዋን መሬት ላይ አኖረች።

«አንድ ሌሊት ከሷ ጋር እደሪ» አለቻት። «ጠዋት ስትነሳ እያት። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን አውሪ።»

የሳቀ ሰው አልነበረም አሉ።

አሁንም ጠዋት ጠዋት ግድግዳ እይዛለሁ። ክኒኔን በሰዓቱ እወስዳለሁ። ክፉ ቀንም ደህና ቀንም አለኝ፤ ሕመሜን ላሳየው ብዬ የምለፋለት ሰው ግን የለኝም፣ እሱ ብዙ ሸክም ነበር ለካ። ስለዚያ ቀን ግጥም ልጽፍ ደጋግሜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ እንዲሁ፣ እንደሆነው አድርጌ ጻፍኩት።