ሳይጠይቅ እንዲሠራ ያደረግኩት

ልጄ በሕፃንነቷ ታማ በእንጦጦ ራጉኤል ጠበል ድናልኛለች። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በአንድ ዳገቱን ሳልወጣ ቀርቼ አላውቅም። ተመስገን። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ስእለቴ ሳይሆን በስእለቴ ስላሳበብኩት ነገር ነው።

ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ባለ አንድ ትንሽ ማሠልጠኛ ሃያ ኮምፒዩተሮችን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። የተጫኑትን ፕሮግራሞች አፕዴት የሚያደርግ አንድ ትእዛዝ ራሴ ጽፌ ነበር። ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ ስጠራው ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ እያሳየ «ይቀየር?» ይለኛል። አንብቤ «አዎ» ወይም «አይ» እለዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ያስቀምጠኝ ነበር።

አብራኝ የምትሠራው ወጣት ከወሰን ሰፈር በታክሲ ትመጣለች። ጴንጤ ናት። የተቀጠረችው በኮንትራት ነው። ምሳችንን ከአንድ ዕቃ ስለምንበላ፣ እሷ ባትጾምም ረቡዕና አርብ ለእኔ ስትል ሽሮ ይዛ ትመጣ ነበር።

«እናቴ ‘ኦርቶዶክስ ሆንሽ እንዴ?’ አለችኝ» እያለች ትስቅብኛለች።

ወር በገባ በአንድ ቦታዬን የምትሸፍነውም እሷ ናት። «ሂጂ እትዬ፣ እኔ አለሁ። ብቻ ዳገቱ ላይ እንዳትወድቂብኝ፤ ተሸክሞ የሚያወርድሽ የለም።»

አንድ ወር አፕዴቱን ሳዘገይ ሳዘገይ ማክሰኞ የዋለው ራጉኤል ደረሰብኝ። በበዓል ቀን ተቀምጬ «አዎ» እያልኩ መዋል ሥራ ነው፤ ማሽኑ ራሱ ቢለው ግን ሥራ አይደለም ብዬ አሰብኩ። ሰኞ ከሰዓት ትእዛዙን አሻሻልኩት። ለጥያቄው ሁሉ ራሱ «አዎ» እንዲመልስ፣ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይም በራሱ እንዲጀምር አደረግኩት። የሠልጣኞቹ የተግባር ፈተና የዚያኑ ማክሰኞ ከሰዓት ነው፤ እስከዚያ ይጨርሳል አልኩ። ለማንም አልነገርኩም። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከጥያቄዎቹ አንዱ ማስጠንቀቂያ ነበረው። ሠልጣኞቹ የሚሠሩበት ፕሮግራም ከተቀየረ የድሮዎቹን ፋይሎች እንደማይከፍት ይናገራል። እኔ ብኖር አንብቤ «አይ» እል ነበር። እኔ ግን ተራራው ላይ ቆሜ እያስቀደስኩ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ስገባ የሥራ ባልደረባዬ ፊቷ ጠቁሯል። ሠልጣኞቹ የወራት ሥራቸው አልከፈት ብሏቸው ፈተናው ተበትኗል።

«ኃላፊው ‘ማን ነው የነካው?’ አለኝ» አለችኝ። «ምናልባት እኔ ነኝ እትዬ። ትናንት ጠዋት አንዱ ኮምፒዩተር ቀጥ ብሎ ሲቆም አጥፍቼ አበራሁት። የኮንትራቴን ነገር አርብ እንነጋገራለን ብሎኛል።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ትእዛዙ ግን ማን እንዳስጀመረው የሚመዘግብበት ቦታ አልነበረውም። «አይዞሽ» ብቻ አልኳት።

ምሳ ሰዓት ሽሮዋን አወጣች። «አንቺማ ትናንት ጸልየሽልኛል፣ ምን እሆናለሁ» ብላ አጎረሰችኝ። ዋጥኩት። ሐሙስም አጎረሰችኝ። አርብም።

ለራሴ የምነግራት ምክንያት ነበረችኝ፤ ካወቁ በዓሌን ይከለክሉኛል እል ነበር። ፍርሃቴን ስእለት አልብሼው ነበር።

ፋይሎቹን የድሮውን ፕሮግራም መልሼ ጭኜ ከፈትኳቸው፤ አንዱም አልጠፋም፣ ተመስገን። አርብ ከምሳ በኋላ ትእዛዙን ራሱን ላስተካክል ተቀመጥኩ። እንደ ድሮው «ይቀየር?» ብሎ እንዲጠይቅ አደረግኩት። ማን እንዳዘዘው እየመዘገበ እንዲሠራም አንድ መስመር ጨመርኩ። ይሠራ እንደሆነ ለማየት ጠራሁት። መስኮቱ ላይ የእኔ ስም ወጣ።

ቀና ስል ልጅቷ ወንበሯ ላይ የለችም። ኃላፊው ጠርቷት ሄዳለች።

በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ። ጠረጴዛው ፊት ቆማ ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩት። «ሳይጠይቅ እንዲሠራ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እሷ ምንም አታውቅም።»

«እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈራሁ። በዓሌን እንዳትከለክለኝ።»

«ስንት ዓመት ስትሄጂ ማን ከለከለሽ?» አለኝ።

ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደሚጽፍልኝ ነገረኝ። የእሷን የኮንትራት ማደሻ ወረቀት ስቦ እዚያው ፈረመላት።

ኮሪደሩ ላይ ቀድማኝ ሄደች። ከዚያ ዞር አለች።

«ሦስት ቀን አጎረስኩሽ» አለች። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «እኔ ራሴን ስጠረጥር፣ አንቺ ስትጎርሺ።»

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። ዛሬ ግን ተይኝ።»

ቅዳሜና እሑድ እንዴት እንዳለፉ እግዚአብሔር ያውቃል። ሰኞና ማክሰኞ ለብቻዬ በላሁ። ረቡዕ ቀን እኔ ጠረጴዛ አጠገብ ወንበሯን ሳበችና ዕቃውን ከፈተች። ሽሮ ነበር። መሐላችን አስቀመጠችው፤ አላጎረሰችኝም። ቀና ብዬ ሳላያት ራሴ ቆርሼ በላሁ።

ተመስገን አልኩ፣ በልቤ።