«ወጣልሽ!»

እኔ እንዲሁ ሰው አላምንም። እናቴ «አንቺስ ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ» ትለኛለች። ታናሽ እኅቴ የሚጥል በሽታ አለባት፤ ደብረ ታቦር እኔ ዘንድ ሆና ነው የምትማረው። አዲስ ኪኒን ከተጀመረላት ወዲህ አንድም ቀን አልወደቀችም። ተመስገን ልንል ስንል ክንዷ ሽፍ ብሎባት ታክ ጀመር።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት ሳሙናውን ነው፤ ቀየርሁት። ቀጥሎ አከራያችንን ጠረጠርሁ። ሴትዮዋ በቀደም «ውይ፣ እንዴት አምሮባታል!» ብላ ቱፍ ቱፍ እንኳ ሳትል ነው የገባችው። ድመቷንም አልማርኋትም። ሽፍታው ግን ከክንድ ወደ አንገት፣ ከአንገት ወደ ደረት ወረደ። «ኪኒኑ ይሆን እንዴ?» ብላት እኅቴ ቱግ አለች።

«ኪኒኑን ተይው! እሱ ደግሞ ምን አደረገሽ?»

ቁጣዋ ራሱ አላማረኝም።

እናቴ ከይፋግ መጣችና ከወንዛዬ ፍል ውኃ ሌላ መድኃኒት የለውም አለች። ሄድን። እኅቴ ከፍል ውኃው ስትወጣ ገላዋ በርበሬ መስሏል። እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው። «ወጣልሽ! ደዌው በቆዳሽ ወጣልሽ!» የማናውቃቸው ሴቶች ሁሉ ተቀብለው እልል አሉ። በእኛ አገር በሽታ ሲለቅ በገላ ነው የሚወጣው፤ ሲወጣ ደስ ይላል እንጂ ወደ ሐኪም አይሮጥም።

እኔ ግን አልተዋጠልኝም። የሚወጣ ከሆነ ከንፈሯ ለምን ያብጣል? ትኩሳቱስ ከየት መጣ? በማግስቱ አፏ ውስጡ ቆስሎ ምራቋን መዋጥ አቃታት። «ሐኪም ቤት እንሂድ» ብል እናቴ «ሱባኤው ሳያልቅ? ጀምሮ ማቋረጥማ ይብሳል» ብላ ያደርንበት ክፍል በር ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ተነሽ! ልጅሽ እየሞተችብሽ ነው!» ጮህሁባት። በዕድሜዬ እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። ተነሣች።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሟ ሽፍታውን አየች፣ ኪኒኑን አየች፣ ፊቷ ተለወጠ። «ይህ ኪኒኑ ነው። ከአሁን በኋላ አንዲት ፍሬ እንዳትውጥ፤ በሌላ እንተካላታለን። ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ አታገኟትም ነበር» አለችና አስተኛቻት። «ኪኒኑን በጀመረች ሰሞን አይደል እንዴ ማሳከክ የጀመራት? እንዴት አንዳችሁም አላወቃችሁም?»

«እኔ አውቄያለሁ» አለች እኅቴ ባበጠ አፏ።

«አበስኩ ገበርኩ! ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?» አልኋት።

«ኪኒኑን ታስጥሉኛላችሁ ብዬ ነዋ። ክፍል ውስጥ ወድቄ፣ ሁሉም ሸሽቶኝ፣ አፍንጫዬ ሥር ክብሪት ሲጭሩብኝ ከምነቃ፣ ቆዳዬ ተልጦ ቢያልቅ ይሻለኛል።»

እናቴ ልጇ በወደቀች ጊዜ እንዲደርስላት ብላ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራው የምትዞረውን ክብሪት ፈታችና፣ ቀና ብላ ሳታየኝ መዳፌ ላይ አኖረችው።