እንትፍ በይበት

አርብ ከሰዓት በኋላ ልጄን ሩትን ገላዋን ሳጥባት የሳሙናው ሽታ ወደ ሱሉልታ ይመልሰኛል። ሩት አራት ዓመቷ ነው። አረፋ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ ቡራዩን በጩኸት ታናውጣለች። እኔ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሷን አልብሼ፣ የነገውን ምግብ አብስዬ ምድጃውን ማጥፋት ስላለብኝ እጣደፋለሁ። እናቴም አርብ አርብ እንዲሁ ትጣደፍ ነበር። እኛ ቤተ እስራኤል ነን፤ ሰንበት ከገባች እሳት አንነካም፣ መኪናም አንሳፈርም።

ልጅ እያለሁ ግን ይህን ለማንም ትንፍሽ አልልም ነበር። ወላጆቼ ከጎንደር መጥተው ሱሉልታ ዳር፣ ድርቆሽ የሚከመርበት ሜዳ አጠገብ ቤት ተከራይተው ነበር። ጥቅምት ላይ ጉሙ ሲገፈፍ የታጨደው ሣር ሽታ እስከ መኝታችን ይገባል። ቅዳሜ ጠዋት ከየቤቱ ጭስ ሲወጣ ከእኛ ቤት አይወጣም። ሰው ከጠየቀኝ «እናቴን አሟታል» እንድል ተነግሮኛል። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ትለኝ ነበር እናቴ፣ ፀጉሬን እየሠራች። ሰፈሩ ግን ዓይን ነበረው። ሰው ዝም ሲል ደግሞ ሌላው ይናገርለታል።

አከራያችን አዴ ጫልቱ ይባሉ ነበር። ሴት ልጆቻቸውን ድረው ከጨረሱ በኋላ፣ ተስፋ በቆረጡበት ጊዜ ነው ለሚን የወለዱት። ገና ድክ ድክ ማለት የጀመረ፣ ጉንጩ እንደ ቲማቲም የቀላ ልጅ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ወርውሬ የማዝለው እሱን ነበር። አንድ አርብም እንደ ልማዴ እናቴ ለገላ እስክትጠራኝ ድረስ አዝዬው ዋልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ግቢው በጫጫታ ተሞላ። ለሚ ሌሊቱን ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው አድሯል። ጎረቤቶች ተሰብስበዋል። አባቴ ለለቅሶ ጎንደር ስለሄደ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እናቴ ብቻ ነን። በበሩ ስንጥቅ ሳይ አንዲት ጎረቤት ጣቷን ወደ ቤታችን ቀስራ፣ «ትናንት ያዘለችው ማን ናት? ቅዳሜ እሳት የማያነዱትን ሰዎች አታውቋቸውም እንዴ?» ስትል ሰማሁ።

ከዚያ በራችን ተንኳኳ። እናቴ ከፈተች።

«ልጅቷን አውጪያት» አለች ያችው ሴት። «እንትፍ ትበልበት።»

ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። ቡዳ የበላው ሰው፣ የበላው ራሱ ምራቁን እንትፍ ካላለበት አይድንም ይባላል። እንትፍ ብል ቡዳ ነኝ ማለቴ ነው። ባልል ደግሞ ለሚ ይሞታል። እኔ ራሴ ተጠራጠርኩ። ሳልፈልግ፣ ሳላውቀው በልቼው ይሆን? ምራቄን ለመሰብሰብ ሞከርኩ። አፌ እንደ ገለባ ደርቋል። ሴትዮዋ ክንዴን ይዛ ስትጎትተኝ እናቴ በመካከላችን ገባች።

«ልጄ እንትፍ አትልም» አለች። ድምጿ ከፍ አላለም።

አዴ ጫልቱ ለሚን ታቅፈው ቀረቡ። «እባክሽ» አሉ፣ «ምንም አልቀየምሽም። ልጄን ብቻ መልሽልኝ።»

እናቴ ሕፃኑን አየችው። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። የሆዱን ቆዳ በጣቷ ቆንጥራ ለቀቀችው፤ ቆዳው እንደተጨማደደ ቀረ። ከእኔ በፊት የወለደችው ወንድሜ በዚሁ በሽታ እንደሞተባት ያወቅኩት በኋላ ነው።

«አዴ ጫልቱ፣ ይሄ ልጅ በሰውነቱ ውስጥ ውሃ አልቆበታል። ይስጡኝና ጤና ጣቢያ እንሂድ። አሁኑኑ።»

«ደግሞ ለእሷ ልትሰጪው ነው?» አለች ሴትዮዋ።

አዴ ጫልቱ አንዴ እናቴን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ። «ማል ጎዳ? ምን ላድርግ?» እያሉ ሰጧት። እናቴ በነጠላዋ ጠቅልላው ወደ እኔ ዞረች። «ከውስጥ ቆልፊ። እኔ ሳልመጣ ለማንም እንዳትከፍቺ።»

ከጫንጮ ወተት የምታመጣ ፒክአፕ በመንገዱ ታልፍ ነበር። እናቴ እጇን ዘርግታ አስቆመቻትና ከአዴ ጫልቱ ጋር ተሳፈረች። በሰንበት መኪና ስትሳፈር አይቻት አላውቅም። ለሚ ሊሞት እንደሚችል የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሴቶቹ አልሄዱም። ከበራችን ፊት ለፊት ተቀመጡ። «ከሞተስ?» ስትል አንዷን ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ጠጠር ቆርቆሮውን መታ፤ ሌላም ተከተለ። አልጋ ሥር ገብቼ እናቴ ያስተማረችኝን ጸሎት ጀመርኩ። መካከሉ ላይ ሲጠፋብኝ እንደገና ከመጀመሪያው እነሣለሁ። ለሰንበት የተጋገረው ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ቢርበኝም ወጥቼ ለመቁረስ ፈራሁ።

ጥላው ሲረዝም መኪና ቆመ። የእግር ኮቴ እንጂ ለቅሶ አልሰማሁም።

«እኔ ነኝ፣ ክፈቺ።»

እናቴ በር ላይ ቆማለች፤ ፊቷ ድካም ብቻ ነው። ከኋላዋ አዴ ጫልቱ፣ በእቅፋቸው ለሚ። ግሉኮስ የተሰጠበት እጁ ላይ ጥጥ ተለጥፎበታል። ሲያየኝ በደከመ ድምፅ አለቀሰ። አዴ ጫልቱ ሁሉም እያያቸው ትከሻዬን ይዘው አዞሩኝና ልጁን ጀርባዬ ላይ አደረጉት።

«እዘዪው» አሉኝ።

«እምቢ» አልኩ።

«እዘዪው ልጄ» አለች እናቴ።

አዘልኩት። ትንፋሹ አንገቴ ላይ ሞቀኝ። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ሄዱ፤ አንዳቸውም ይቅርታ አላሉም። ጣቷን የቀሰረችዋ ጎረቤት ከዚያ ሰፈር እስክንለቅ ድረስ እኔ ባለፍኩ ቁጥር የልጇን ፊት በነጠላዋ ትሸፍን ነበር። ስለ መኪናው እናቴን ስጠይቃት፣ «ሰንበትን የሰጠን ሕይወትንም የሰጠን ነው» ብላ ዳቦውን ቆረሰችልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤት ልጅ ሩትን ካርቱን እንይ ብሎ ሊጠራት መጣ። እሷ በሩ ላይ ቆማ፣ ከፊታችን ባለው ሱቅ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ዛሬ ሰንበት ነው! እኛ ቤተ እስራኤል ነን! ቴሌቪዥን አንከፍትም!» ብላ ጮኸች። እጄ አፏን ሊይዝ ተዘረጋ። ከተሰለፉት አንዲት ሴት ዞር ብላ አየችን፤ ዓይኗ ውስጥ ያለውን ለማንበብ ሞክሬ አልቻልኩም። ልጁ ግን «እሺ፣ ነገስ?» አለ። ሩትም «ነገ እሺ» አለችው፤ ኳሱን እየመታ ሄደ።

በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ ልጅነቴን በሙሉ የደበቅኩትን እሷ ከካርቱን ጋር አብራ ተናግራው ጨረሰች። እናቴ በሕይወት ኖራ ብትሰማት ትደነግጥ ነበር ወይስ ደስ ይላት ነበር እያልኩ አስባለሁ። እኔ ግን ያን ቀን ደነገጥኩም፣ ደስም አለኝ፤ ዛሬም ሁለቱም አሉብኝ።