ጥቁር ለብሶ ልቦለድ ማንበብ

እናቴ ከሞተች በኋላ ሰፈሩ ተመካክሮ አንድ ነገር የወሰነ ይመስለኛል፤ እኔን ብቻዬን አለመተው። ድንኳኑ ፈርሶ፣ አርባዋ ወጥቶ፣ ዘመዱ ሁሉ ወደየመጣበት ከተመለሰ በኋላም ውሳኔው አልተሻረም። ለምሳ ወደ ቤት ስገባ አንዷ ሳህን ይዛ ትከተለኛለች፤ ሌላዋ «እንዴት ዋልሽ» ልትል ብቅ ትልና እዚያው ቁጭ ትላለች። «ብቻሽን አትሁኚ፣ ሐሳብ ይጥልሻል» ይሉኛል። እኛ ሰፈር ሐሳብ ከወባ በላይ ይፈራል።

እኔ ደግሞ የናፈቀኝ ዝም ያለ ቤትና መጽሐፍ ነበር።

የምሠራው የውሃ አቤቱታ ከሚቀበል መስኮት ጀርባ ነው። ድሬ ዳዋ ውስጥ ውሃ የጠፋበት ሰው እንዴት እንደሚቆጣ እኔን ጠይቁኝ። በአማርኛ ጀምሮ፣ በኦሮምኛ ተራግሞ፣ በሶማሊኛ የሚደመድም ደንበኛ አለኝ። እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ሲከፋ ቢሮው ይዘጋል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከተማው በሙሉ ጥላ ፍለጋ ይገባል። እኔም በባጃጅ የደቻቱን ድልድይ ተሻግሬ፣ ገላዬን ለቅለቅ ብዬ፣ ሲሚንቶው ላይ ፍራሽ አንጥፌ፣ ቬንትሌተሩን ወደ እግሬ አዙሬ መጽሐፌን እገልጣለሁ። ሰው ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ሲቀመጥ የእኔ በርጫ ይኼው ነው። ትንሽ እንዳነበብኩ ጠዋቱን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ሲጮህ የዋለው ሁሉ ዝም ይላል።

እናቴ ታማ በተኛችባቸው ዓመታት ግን መጽሐፍ አልነካሁም። ጆሮን ለበሽተኛ ትንፋሽ ሰጥቶ ማንበብ አይቻልም። ከሞተች በኋላ አንድ ቀን ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ ላይ ሽፋኑ የተላጠ ልቦለድ ገዝቼ ገባሁ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ሳነብ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም አፈርኩ። እናቱን ቀብሮ፣ ጥቁር ለብሶ፣ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ደስ የሚለው ምን ዓይነት ሰው ነው? ለማንም አልተናገርኩም።

ከጠያቂዎቼ ሁሉ የማትለቀኝ ግን አዴ ነበረች። አዴ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ እኛ ዘንድ እናቶችን የምንጠራው እንዲህ ነው። ወላጆቼ በባቡሩ ሥራ ከደጋ የመጡ ስለነበሩ ትልቅ ሰው «እርስዎ» እንድል ነው ያሳደጉኝ። አዴ ግን ገና በልጅነቴ «እርስዎ አትበይኝ አቦ፣ የቀበሌ ሰው የመጣ ይመስለኛል» ብላ አስቁማኛለች። እሷና እናቴ አንዷ የሌላዋን ፋሲካና ኢድ እየጠበቁ አብረው ያረጁ ናቸው። እናቴ ስትሞት ከእኔ እኩል ያለቀሰችው እሷ ናት። ሌላውን ሰው «ደክሞኛል» ብዬ ልመልስ እችላለሁ፤ አዴን ግን በምን አፌ?

ጫቷንና የሻሂ ፔርሙሷን ይዛ ትመጣለች። አንገቴን ደፍቼ ስታገኘኝ ፊቷ ይለወጣል።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ ልጄ? አሁንም እያሰብሽ ነው?»

«እያነበብኩ ነው አዴ።»

«ያው ነው።»

ለእሷ መጽሐፍ ወይ የቢሮ ሥራ ነው ወይ ጸሎት። የእኔ ሁለቱንም ስላልመሰላት ከእጄ ላይ ወስዳ ቴሌቪዥኑ ላይ ታስቀምጠውና ሻሂ ትቀዳልኛለች። ከዚያ የሽንኩርት ዋጋ፣ ጅቡቲ ያለችው ልጇ፣ የማዶዋ ሴትዮ ምራት። ወሬዋ ይጣፍጣል፣ አልዋሽም። ግን ዘጠኝ ሰዓት መስኮቴ ጋ የምመለሰው ጆሮዬ ሳያርፍ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት አንዱ ደንበኛ እየጮኸብኝ ሳለ እንባዬ ዱብ አለ። ለእናቴ አልነበረም፤ ከድካም ነው። ሰውየው ደነገጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይዞሽ እህቴ፣ ውሃው ይመጣል» አለኝ።

በማግስቱ በሬን ቀረቀርኩ።

ጥፋት ነበር። በዚያ ሙቀት፣ ሁሉም ቤት መጋረጃ ብቻ በሚያወርድበት ሰዓት፣ የተቀረቀረ በር ሬሳ ያለበት ቤት ማለት ነው። አዴ በሩን ልትሰብረው ደረሰች። ስከፍት ግቢው በሙሉ ቆሟል። አንዷ ጎረቤት ጠበል ይዛ መጣች፤ አዴም ቁርዓን የተቀራበት ውሃ አስመጣች። ሁለቱ ጠርሙሶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከሁለቱም ጠጣሁ፤ ደግሞም ሙቀት ነበር።

ከዚያ በኋላ በሬን ክፍት ትቼ፣ መጋረጃውን አውርጄ፣ አዴ እስክትመጣ ባለችኝ ጊዜ ንባብ እሰርቅ ጀመር። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ንፉግ ሀብታም አለ። ማን ከልቡ እንደሚያለቅስለት ለማወቅ የሞተ መስሎ ይተኛል። ዘመዶቹ ያለቅሳሉ፣ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ኋላ ለለቀስተኛው ምሳ ሲባል ያ ሲቀልበው የኖረው ሙክት ሊታረድ መሆኑን ይሰማና ከነመገነዣው ቀና ብሎ «እሱን ተዉት፣ ለገና ነው!» ይላል።

ሳቄ አመለጠኝ። ደግሞ ስስቅ ሳቄን ግድግዳ አይችለውም። ዓይኔን ስጠርግ አዴ መጋረጃውን ይዛ ቆማለች።

አለቀልኝ አልኩ። ጥቁር ለብሼ፣ ብቻዬን፣ በለቀስተኛ እየሳቅኩ! ማምሻውን ግቢው በሙሉ አበደች እንደሚለኝ አልተጠራጠርኩም።

«ማነው ያሳቀሽ?» አለች።

ምን እላለሁ? ነገርኳት። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በተሰባበረ ኦሮምኛዬ፣ ሰውየው ሲነሣ እኔም ፍራሹ ላይ ተነሥቼ። መጀመሪያ «አስተግፊሩላህ» አለች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጫቷ ከእጇ ወድቆ፣ ሻሿ ተንሸራቶ፣ ግድግዳውን ይዛ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ።

«ወላሂ፣ እናትሽ ከሞተች ወዲህ ስትስቂ ዛሬ ሰማሁሽ» አለችኝ። «እኔ ፔርሙስ እያመላለስኩ ያላሳቅኩሽን ያ ሰውዬ አሳቀሽ።»

ቅር ያላት መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ስትመጣ ግን መጽሐፉን ከእጄ አልወሰደችም። «ሰውየው እንዴት ነው? ሙክቱን በሉበት?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ልክ የታመመ ጎረቤት እንደሚጠየቀው። እንደበሉበት ስነግራት «ይበለው» አለችና በርጩማዋን ስባ ወጣች። ከመጋረጃው ውጪ፣ ደጄ ላይ ጥላው ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። የጫቷን ቅጠል ስትቀነጥስ ይሰማኛል እንጂ ቃል አልተነፈሰችም። ለካ ዝምታም ታውቅበታለች።

ብዙም ሳልቆይ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ሳህን የምታመላልሰው ጎረቤቴ ናት።

«አለች?» አለቻት።

«አለች። ኋላ ነይ።»

«ውይ አዴ፣ እንዴት ብቻዋን ትተዋት ውጪ ይቀመጣሉ?»

«ቀስ በይ አቦ!» አለች አዴ፣ በሹክሹክታ። «ብቻዋን አይደለችም። ሰው አላት።»