ባለቤቴ ሳይመጣ ይሂዱልኝ

ሹፌሩ በገዛ ቤቱ እንግዳ ከሆነ ከረመ። እንግዳ ስል ለወግ ያህል አይደለም። ዕድሜ ልኳን አብራው የኖረችው ሚስቱ «እርስዎ» ነው የምትለው። ጠዋት ጠዋት «ምነው ቆሙ? ይቀመጡ እንጂ» ትለዋለች። ከሰዓት በኋላ ግን ፊቷ ይለዋወጥና መስኮት መስኮቱን እያየች፣ «አይቀየሙኝ፤ ባለቤቴ ከሥራ ሳይመጣ ይሂዱልኝ። እሱ ቁጡ ነው» ትላለች። አቤት! ሰው እንዴት ራሱን ይፈራል? ሹፌሩ ግን መፍራት ጀምሮ ነበር። ያ ቁጡ ባል አንድ ቀን በሩን ከፍቶ የሚገባ እየመሰለው፣ ኮሽ ባለ ቁጥር ወደ በሩ ዞር ይላል።

መጀመሪያ ሰሞን «ያ ባል እኮ እኔ ነኝ!» እያለ ተከራክሯታል። የሠርጋቸውን ፎቶ አምጥቶም አሳያት። ፎቶውን አየት፣ እሱን አየት አደረገችና በትሕትና፣ «አባቱ ነዎት?» አለችው። ከዚያ ወዲያ ፎቶውን ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተው፤ ክርክሩንም ተወው።

ክርክሩን መተው መች በቃ! ባሌን ልቀበል እያለች በር ከፍታ መውጣት አመጣች። አንድ ቀን በዝናብ፣ በነጠላ ጫማ ፌርማታ ላይ ቆማ አገኛት። የሚመጣውን አውቶቡስ ሁሉ በእጇ እያስቆመች፣ አጎንብሳ የነጂውን ፊት ታያለች። እሱ ደግሞ ከአውቶቡስ ሹፌርነቱ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ጉልበቱ ከድቶታል። በቀደም ደም ግፊቱ ተነሥቶበት መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተዘረረ። እሷ «ይቅርታ» ብላ በላዩ ተሻግራ ሄደች።

ቤት ለቤት እየዞረች በሽተኛ የምታይ፣ የሚስቱን የመርሳት በሽታ የምትከታተል ነርስ ነበረቻቸው። ይህን ስትሰማ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። ይሄ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። እትዬ መንከባከቢያ ቤት የሚገቡበትን ቀን፣ እርስዎ አልጋ ላይ ሳይወድቁ ይወስኑ።»

«ሜዳ ላይ ጣልኳት ማለት እኮ ነው!»

«ኧረ አልጣሏቸውም! ረዳት ጨመሩላቸው እንጂ።»

ከዚያ ነገሩን አንድ በአንድ አስያዘችው። አልጋ ልብሷና ወንበሯ ቀድመው ይሂዱ፤ ወንበሩ እንደ ቤቱ በመስኮት በኩል ይቀመጥ። አስቀድሞ አይነገራት፤ የተነገራትን ብትረሳ እንኳ ድንጋጤው አይለቃትም። ጠዋት፣ መንፈሷ ረጋ ሲል ትሂድ። ምሳ ሲቀርብ እሱ ሳይሰናበት ውልቅ ይበል። «ሲሄዱ ደግሞ ከሚያምኑት ሰው ጋር ይሁን» አለች ነርሷ። ሹፌሩ እዚህ ላይ ሳቀ፤ የሚያስቅ ነገር ኖሮ አልነበረም።

ሁለቴ ሞከሩ። ሁለቴም የበሩን መቃን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። «ባለቤቴ ሳያውቅ ከማላውቀው ሰው ጋር የትም አልሄድም!» ጎረቤት ተሰበሰበ። ሹፌሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

በሦስተኛው ጠዋት ለነርሷ እንኳ ሳይነግር የሥራ ካፖርቱን ለበሰ፣ ኮፍያውን ደፋና በጓሮ ወጣ። ዞሮ መጥቶ የፊቱን በር ልክ ድሮ ከሥራ ሲመለስ ያደርግ እንደነበረው በቁልፉ ኳ ኳ አደረገ። በሩ ተከፈተ።

«አንተ! የት ጠፍተህ ነው?»

አንተ አለችው! አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና ጆሮው ሥር፣ «ቀስ ብለህ አውራ፣ ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ምግብ ሲሠራ ግን ጨው የሚባል ነገር አያውቅም» አለችው።

ሳቁም ለቅሶውም አንድ ላይ መጣበት። ደጅ ነርሷ መኪና ውስጥ ትጠብቃለች። ዛሬ ቢቀርስ? ሚስቴ ተመለሰች እኮ! ካፖርቱን ሳላወልቅ ብኖርስ? የእውነት አሰበው። ግን የሚቃጠል ነገር ሸተተው። እሱ በጓሮ ዞሮ እስኪመጣ ባዶ ድስት ጥዳ ረስታዋለች፤ ከጎኑ ያለው ፎጣ መጨስ ጀምሯል። እሳቱን አጠፋ።

«ተነሺ፣ አንድ ቦታ ላደርስሽ ነው።»

«ካንተ ጋርማ ምን ገዶኝ!» ብላ ጫማዋን ራሷ አደረገች። መንገዱን ሙሉ እጁን አልለቀቀችም። እዚያ ደርሰው ምሳ ሲቀርብ ኮፍያውን አነሣና በጎን በር ወጣ። ሲወጣ ለአስተናጋጇ፣ «ቆይ አትጀምሪ፣ እጁን ታጥቦ ይመጣል» ስትል ሰማት።

ሹፌሩ ያደረገውን ሁሉ ለነርሷ ነገራት። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ሊጠይቋቸው ሲሄዱ ካፖርቱን እንዳይለብሱት» አለችው። «ባሌ መጣ፣ ወደ ቤቴ ልሂድ ይሉዎታል። ያን ጊዜ ለሁለታችሁም መከራ ነው።» ለሹፌሩ ያኔ ነው የገባው። ከእንግዲህ ሚስቱን የሚያያት ባሏ ሆኖ ካልሄደ ብቻ ነው።

በሳምንቱ በሹራብ ሄደ። ጸጉሯ ተበጥሮ፣ ትንሽ ከስታ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች።

«እርስዎ ነዎት? ይግቡ፣ ይግቡ! እንኳን መጡልኝ።» አጠገቧ አስቀመጠችው። ግራ ቀኝ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ባለቤቴ እጁን ሊታጠብ እንደ ወጣ ቀረ» አለችው።

«ሥራ በዝቶበት ይሆናል።»

«አይ፣ እኔ አውቀዋለሁ፤ አፍሮ ነው። ቤት ካገኙት አልተቀየመችህም ይበሉልኝ። ብቻ ይምጣ።»

ሹፌሩም፣ «እነግረዋለሁ» አላት።